ለጀማሪ ተወዛዋዦች የሚሆን ምክር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የሙዚቃና የውዝዋዜ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)

ሌሎቹ ክበቦች ስለ ሳይንስ፣ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ስፖርት ሲናገሩ እኛ ስለ ውዝዋዜ ለመናገር መነሣታችን አንዳንዶችን ሳያስገርም አይቀርም። «ለውዝዋዜ ደግሞ ምን ምክር ያሻዋል? ከበሮው ሲመታ ተነሥቶ ትከሻን መስበቅ ነው እንጂ» የሚል ይኖራል። ይሁን እንጂ ውዝዋዜ እንደ ሒሳብና እንደ ቋንቋ ሁሉ ሥርዐት ያለው፣ ደረጃ በደረጃ የሚወጣበት፣ በትዕግሥት የሚገኝ ዕውቀት ነው ብለን እናምናለን።

ይህን ንግግር እንድናዘጋጅ ያስገደደን ምክንያት አለን። በየዓመቱ መስከረም ላይ ወደ ክበባችን የሚመጡት አዳዲስ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ዓመቱ ሲጋመስ ግን የሚቀሩት ጥቂቶች ናቸው። የሄዱትን ጓደኞቻችንን ምክንያታቸውን ስንጠይቃቸው መልሳቸው ከሦስት አይበልጥም። አንዳንዶቹ ጉልበታቸውን ወይም አንገታቸውን አሟቸው ነው። ሌሎቹ «እኔ አልችልም» ብለው አፍረው ነው። የቀሩት ደግሞ በቤተሰብ ተከልክለው ነው። ከሦስቱ ምክንያቶች አንዱም ቢሆን መፍትሔ የሌለው አይደለም። ስለዚህ ንግግራችን በሦስት ይከፈላል፤ መጀመሪያ ውዝዋዜን እንዴት መማር እንደሚገባ፣ ቀጥሎ ሰውነትን ከጉዳት እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል፣ በመጨረሻም ለወላጆቻችን ያለንን ቃል እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ስለ አጀማመር

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠለጥነው እግር ወይም ትከሻ ሳይሆን ጆሮ ነው። ምቱን ሳይሰማ የሚነሣ ተወዛዋዥ ፊደል ሳይቆጥር መጽሐፍ እንደሚያነሣ ሰው ነው። ብዙዎቹ የእስክስታ ዘፈኖች በስድስት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ይኸውም «አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት» እየተባለ ነው። ይህን ምት በተለምዶ ችክችካ ይሉታል። ጀማሪው ተቀምጦ ዘፈኑን እያዳመጠ በአንድና በአራት ላይ ብቻ እግሩን ይርገጥ። ይህ ያለ ድካም ሲሆንለት እግሩን እንደዚያው እያደረገ በአንድ፣ በሦስትና በአምስት ላይ እጁን ያጨብጭብ። ያን ጊዜ እግሩ ሁለት ጊዜ ሲመታ እጁ ሦስት ጊዜ ይመታል ማለት ነው። መጀመሪያ እጅና እግር ይጣላሉ፤ በሳምንት ውስጥ ግን ይታረቃሉ። የእስክስታ ውበት ከሚገኝባቸው ነገሮች አንዱ ይህ የሁለትና የሦስት መገናኘት ስለ ሆነ በዚህ ላይ የጠፋ ጊዜ ከንቱ አይደለም።

ከዚህ በኋላ አቋቋም ይመጣል። ሁለቱ እግሮች በዳሌ ስፋት ይራራቁ፤ ጉልበት አይገተር፣ ጥቂት ይላላ፤ የሰውነት ክብደት በሁለቱ እግሮች ላይ እኩል ይረፍ፤ ሆድ በመጠኑ ይሰብሰብ፤ አንገት ረዘም ብሎ አገጭ ወደ ላይ ሳይወጣ ይቀመጥ። እጅ ወገብ ላይ ሊያርፍ ወይም በነፃ ሊንጠለጠል ይችላል። በዚህ አቋቋም ሳይደክሙ አምስት ደቂቃ መቆም ያልቻለ ሰው በፍጥነት ለመወዛወዝ ቢነሣ ወገቡ ቀድሞ ይጎብጣል።

እስክስታን ስንጀምር ትከሻን በአራት ደረጃ መለማመድ ይጠቅማል። በመጀመሪያው ደረጃ ሁለቱ ትከሻዎች ባንድነት ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳሉ። በሁለተኛው ባንድነት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በሦስተኛው ቀኝና ግራው ተራ በተራ ይንቀሳቀሳሉ። በአራተኛው ደረት ከትከሻ ጋር ይጨመራል። ዕንቅስቃሴው የሚነሣው በጀርባችን ካሉት ሁለት የትከሻ አጥንቶች እንጂ ከክንዳችን እንዳይደለ መገንዘብ ያስፈልጋል። ይህንን ለማረጋገጥ ጓደኛችሁ ከኋላ ቆሞ መዳፉን በሁለቱ አጥንቶች ላይ ያሳርፍ፤ ከመዳፉ ሥር ሲንሸራተቱ ከተሰማው ሥራው ትክክል ነው፤ ካልተሰማው የምታወዛውዙት እጃችሁን ነው።

ጀማሪ ፍጥነት ሲፈልግ ጡጫውን ይጨብጣል፤ መንጋጋውን ይገጥማል፤ ትንፋሹንም ይይዛል። ይህ ሁሉ ፍጥነትን የሚቀንስ ነው፤ ምክንያቱም የተገተረ ጡንቻ ሌላ ትእዛዝ ለመቀበል ጊዜ ይወስድበታል። ፍጥነት የሚመጣው ከመላላት ነው። ስለዚህ የግድግዳ ሰዓት በአጠገባችሁ አድርጉ። የሰዓቱ ሰከንድ ቆጣሪ በደቂቃ 60 ጊዜ ይመታል። በአንድ ምት አንድ ጊዜ ትከሻችሁን አንቀሳቅሱ። ይህ ሳይዛነፍ ለሁለት ደቂቃ ሲሆንላችሁ በአንድ ምት ሁለት ጊዜ አድርጉት፤ ቀጥሎም ሦስት ጊዜ። የተዛነፈ ዕለት ወደ ታችኛው ደረጃ መመለስ ነውር አይደለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ የጥር ወር ተወዛዋዥ የሚሠራው በጥቅምት ነው።

ስለ መስተዋትና ስለ ስልክም ጥቂት እንበል። ዛሬ ብዙዎቻችን ውዝዋዜ የምንማረው በስልክ ከምናየው ፊልም ነው። ይህ ራሱን የቻለ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ከፊታችን የቆመውን ሰው ስንቀዳ ቀኙ ግራችን እንደሚሆንብን፣ ፊልሙም ብዙ ጊዜ ፈጣኑንና አስደናቂውን ክፍል ብቻ እንደሚያሳየን መርሳት አይገባም። የስልክ ትልቁ ጥቅም ራሳችንን ለማየት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ደቂቃ ብቻ ተቀርጻችሁ ተመልከቱ፤ ባንድ ጊዜም አንድ ስሕተት ብቻ ለማረም ምረጡ።

ሌላው ነገር ምርጫ ነው። አገራችን ከሰማንያ በላይ ብሔረሰቦች የሚኖሩባት ስለ ሆነች የውዝዋዜዋ ዐይነት ተቆጥሮ አያልቅም። የጎጃም፣ የጎንደርና የወሎ እስክስታ በትከሻ፣ በደረትና በአንገት ላይ ያተኩራል። የጉራጌ ጭፈራ ፈጣን እግርና ብርቱ ሳንባ ይጠይቃል፤ እጅና እግር አብረው ይሠሩበታል። የወላይታ ውዝዋዜ ወገብንና ዳሌን ያሠራል። የትግርኛው ከበሮውን ይዞ በክብ እየዞረ በዝግታ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ይፋጠናል። የኦሮሞ ጭፈራዎች እንደየአካባቢው የተለያዩ ሆነው እግር የሚረግጥባቸውም፣ አንገት የሚወዛወዝባቸውም አሉ። ጀማሪ ይህን ሁሉ በአንድ ወር ልያዝ ካለ አንዱንም አይዝም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና አንዱን ምረጡ፤ አንድ ዓመት ሙሉም ከእርሱ ጋር ቆዩ።

የመረጣችሁትንም ከባለቤቱ ተማሩ። በክፍላችን ውስጥ እናቷ ከወላይታ የመጡ፣ አያቱ የጉራጌ አገር ሰው የሆኑ ተማሪ አይታጣም። በሰርግና በዓመት በዓል የሚታየው ጭፈራ በመድረክ ከሚታየው ይለያል። በመንደር ተወዛዋዡና ተመልካቹ አይለያዩም፤ አጨብጫቢው ጥቂት ቆይቶ ወደ መካከል ይገባል። በመድረክ ግን ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይመለከታል። በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ የተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት፣ የልዩ ልዩ አካባቢዎች ጭፈራ በመድረክ ሥርዐት ከቀረበባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ጉዞም ይህንኑ ጭፈራ ይዞ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች አሳይቷል። የመድረኩ ሥራ ሥሩ በመንደር ስለ ሆነ ሥሩን ሳያዩ ቅርንጫፉን ብቻ መቅዳት የሰውን ባህል ወደ መቀለጃ ሊለውጠው ይችላል። ይህን እንድትጠነቀቁ አጥብቀን እንለምናለን።

ሁለተኛ፤ ስለ ሰውነት ጥበቃ

ብዙ ሰዓት በአንድ ቀን ከመድከም ጥቂት ጥቂት በብዙ ቀን መለማመድ ይበልጣል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ለጀማሪ ይበቃል። ሰዓቱም እንዲህ ቢከፈል መልካም ነው፦ 15 ደቂቃ ሰውነት ማሟሟቂያ፣ 20 ደቂቃ የአንድ ክፍል ልምምድ፣ 15 ደቂቃ ሙሉ ጭፈራ፣ የቀረው 10 ደቂቃ ማብረጃ። ለማሟሟቅ ፈጠን ያለ ርምጃ፣ የክንድና የትከሻ ማዞር፣ ጉልበት እያጠፉ መነሣት ይበቃል፤ ምልክቱም ላብ ጀመር ማለቱ ነው። ጡንቻን ስቦ ለ20 ወይም ለ30 ሰከንድ የመያዝ ሥራ ግን ከልምምዱ በኋላ፣ ሰውነቱ ሞቆ ሳለ ቢደረግ ይሻላል። በሌሎቹ ቀኖች ጭንን፣ ባትን፣ ሆድንና ጀርባን የሚያጠነክር ቀላል ሥራ መሥራት ጉልበትን ከብዙ ጉዳት ያድናል።

በትምህርት ቤቶች ውስጥ የምንለማመድበት ወለል ብዙ ጊዜ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ የዝላይን ኀይል አይውጥም፤ መልሶ ለጉልበትና ለቁርጭምጭሚት ይሰጠዋል። ስለዚህ ዝላይ ያለበት ጭፈራ ሲሆን የእንጨት ወለል ያለበትን አዳራሽ ወይም ደልዳላ ሣር ምረጡ፤ ይህ ካልተገኘ ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ አድርጉ፣ የዝላዩንም ቁጥር ቀንሱ። ከዝላይ ስታርፉ መጀመሪያ የእግራችሁ የፊተኛው ክፍል፣ ቀጥሎ ተረከዛችሁ ይንካ፤ ጉልበታችሁም ይጠፍ፤ ወደ ውስጥ ሳይገባ በእግር ጣቶቻችሁ አቅጣጫ ይሁን። ጥሩ አስተራረፍ ድምፁ አይሰማም። ጓደኛችሁ ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጣችሁ፤ «ዷ» የሚል ድምፅ ከሰማ ጉልበታችሁ ተመትቷል ማለት ነው።

በዕድገት ላይ ያለን ልጆች ከጉልበታችን ሎሚ በታች ባለው የአጥንት ጉብታ ላይ ሕመም ሊሰማን ይችላል። ይህ ዝላይና ሩጫ በሚያዘወትሩ፣ ቁመታቸው በፍጥነት በሚጨምር ልጆች ላይ የታወቀ ነገር ነው። መድኀኒቱ ዝላይን መቀነስና ማረፍ ሲሆን፣ ሕመሙን ደብቆ መቀጠል ግን ማገገሚያውን ያራዝመዋል። አንገትንም በሚመለከት፣ ራስን ወደ ኋላ በኀይል መወርወር ለጀማሪ የተገባ አይደለም። የአንገት ሥራ በትንሹ፣ ወደ ጎንና ወደ ፊት በማድረግ ይጀመር፤ ራስ የሚያዞር ወይም ክንድን የሚያደነዝዝ ስሜት ከመጣ ወዲያው ይቁም።

ድካምን ከጉዳት መለየት ያስፈልጋል። በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሰፋ ባለ ቦታ፣ በሁለቱም ወገን የሚሰማ ቁርጥማት የአዲስ ሥራ ድካም ነው፤ በጥቂት ቀን ያልፋል። በአንድ ነጥብ ላይ የሚወጋ፣ ያበጠ፣ ወይም መርገጥ የሚከለክል ሕመም ግን ጉዳት ነው። እንዲህ ሲሆን ሥራው ይቁም፤ እግሩ ከፍ ይበል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዝበት። መርገጥ ያቃተው ልጅ ወደ ወጌሻ ከመሄዱ በፊት በሐኪም ይታይ። ስብራት ያለበት እግር ታሽቶ በጥብቅ ከታሰረ የደም ዝውውሩ ሊቋረጥና እግሩን እስከ ማሳጣት የሚደርስ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ይህን የምንለው አባቶቻችን ያቆዩትን ሙያ ለመንቀፍ አይደለም፤ የውስጡን አጥንት አይቶ የሚናገር ራጅ ብቻ ስለ ሆነ ነው።

ምግብና እንቅልፍም የልምምዱ ክፍሎች ናቸው። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው በሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ባዶ ሆድ ሆኖ መዝለል ራስን ያዞራል። በጾም ወራት የሚጾሙ ጓደኞቻችን ከምግብ በፊት በሚደረገው ልምምድ ቆጠራውንና ዝግተኛውን ሥራ ይሥሩ፤ ዝላዩን ለሌላ ሰዓት ያቆዩት። አዲስ አበባም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች ከቆላ የመጡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ትንፋሽ ቢያጥራቸው የስንፍና ምልክት አድርጋችሁ አትዩባቸው።

አሁን ወደ ሁለተኛው የመሄጃ ምክንያት፣ ወደ ዕፍረት እንመለስ። «እኔ አልችልም» የሚል ተማሪ ብዙ ጊዜ ያልቻለው ውዝዋዜውን ሳይሆን መታየትን ነው። ለዚህ መድኀኒቱ ብቻ አለመቆም ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው ጀማሪ በአራትና በአምስት ሰው መካከል ሆኖ ይጀምር፤ መጀመሪያ ያጨብጭብ፤ ቀጥሎ ከበሮ ይምታ፤ ከዚያ በኋላ ወደ መካከል ይግባ። በመድረክ ላይ ርምጃ ቢጠፋባችሁ አትቁሙ፣ የጓደኛችሁንም ፊት ዞራችሁ አትዩ፤ እግራችሁ በቦታው ይርገጥ፤ «አንድ» የሚለው ቁጥር ሲመጣ ተቀላቀሉ። ተመልካቹ የሚያየው ስሕተቱን ሳይሆን መደንገጡን ነው። በበዓሉ ልብስም ከመድረኩ ቀን በፊት ሁለት ጊዜ ተለማመዱ። መቀነቱ ያልጠበቀ፣ ጫፉ መሬት የሚጎተት ቀሚስ ያማረ ተወዛዋዥን ይጥላል።

ጓደኛ ሲሳሳት መሳቅም መቅረት አለበት። አንድ ሰው ምቱን ስቶ የተሳቀበት ዕለት ከክበቡ ሊጠፋ ይችላል፤ ከእርሱ ጋርም እርሱ ብቻ ከቤቱ ያመጣው ጭፈራ ይጠፋል።

ሦስተኛ፤ ለወላጆቻችን

ውድ ወላጆቻችን፤ ልጃችሁ «ወደ ውዝዋዜ ልምምድ እሄዳለሁ» ሲላችሁ የምትሠጉበትን ምክንያት እናውቃለን። አንደኛው የትምህርት ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ከጥንት የቆየ አስተሳሰብ ነው፤ ዘፋኝና ተወዛዋዥን «አዝማሪ» ብሎ ማሳነስ በአገራችን ለብዙ ዘመን የኖረ ልማድ ነው። ያ አዝማሪ ግን የሕዝቡን ታሪክ፣ ቀልድና ሐዘን በማሲንቆው ይዞ እዚህ ያደረሰ ሰው ነው።

ሁለት ምሳሌ ብቻ እናቅርብ። ውዝዋዜኛው መላኩ በላይ በአዲስ አበባ ካዛንቺስ በነበረው የፈንዲቃ አዝማሪ ቤት በሽልማት ገንዘብ እየተወዛወዘ ያደገ ሲሆን፣ በኋላ የአገሩን ጭፈራ በብዙ አገሮች አሳይቶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ከፈረንሳይ መንግሥት የኪነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ኒሻን ተቀብሏል። እንደዚሁም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ እንግሊዛዊው የውዝዋዜ መምህር ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ ካሠለጠኗቸው በመንገድ ላይ ይኖሩ ከነበሩ ልጆች መካከል «አዱኛ» የተባለው የውዝዋዜ ቡድን ተወልዷል። እነዚያ ወጣቶች ለዓመታት በሥርዐት ሠልጥነው ራሳቸው የሌሎች አስተማሪ ለመሆን በቅተዋል። ዕድላቸውን የለወጠው ድንገተኛ ተሰጥኦ ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ በሰዓቱ መገኘት ነበር።

ከእኛ መካከል አብዛኞቹ ሐኪሞች፣ መምህራን፣ መሐንዲሶችና ነጋዴዎች እንሆን ይሆናል እንጂ የመድረክ ሰዎች አንሆንም። ነገር ግን ሰዓት ማክበርን፣ ከሌላው ጋር እኩል መራመድን፣ ተሳስቶ መቀጠልን በየትኛውም ሥራ እንፈልገዋለን። ከጎናችን የቆመውን ልጅ አገር ጭፈራ ለመማር አንድ ዓመት የደከምን እንደ ሆነ ያን ልጅና ወገኖቹን ለመናቅ አንችልም። በዚህ ዘመን ለአገራችን የሚያስፈልጋት ትምህርት ይህ አይደለምን?

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። የመጀመሪያው፣ የልምምዱን ቀንና ሰዓት ከእኛ ጠይቃችሁ ዕወቁ፤ ልጃችሁ በፈተና ሳምንት ልምምድ እንዲያቋርጥ ብታደርጉ ክበቡ አይቀየምም። ሁለተኛው፣ ልጃችሁ ጉልበቴን አመመኝ ሲል «ከጭፈራው ተው» ብላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት ሐኪም አሳዩት፤ ለእኛም ንገሩን። ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ በልጅነታችሁ በሰርግና በዓመት በዓል የጨፈራችሁትን ኑና አስተምሩን። በመጽሐፍ ያልተጻፈ፣ በፊልም ያልተቀረጸ፣ በእናንተ ትከሻና እግር ውስጥ ብቻ ያለ ብዙ ነገር አለ። እናንተ ካላሳያችሁን ከማን እንቀበለዋለን?

ውድ አዳዲስ ጓደኞቻችን፤ እናንተም ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ዓርብ ከትምህርት በኋላ በአዳራሹ ታገኙናላችሁ። የምትወዛወዙበት ሰፊ ልብስ፣ ጠንካራ ጫማና አንድ ጠርሙስ ውሃ ያዙ። በመጀመሪያው ሳምንት ትከሻችሁን አናስነካችሁም፤ ስታጨበጭቡና ስትቆጥሩ ትሰነብታላችሁ። ለዚያ ከታገሣችሁ የቀረውን አብረን እንወጣዋለን።